የጁምዓ ቀን ሐልዋ

ግንቧ በዕድሜ በተሰነጣጠቀ፣ በሮቿ ግን ዛሬም በሰዓታቸው በሚከፈቱና በሚዘጉ አንዲት ጥንታዊ ከተማ ውስጥ ሐጂ ጁነይዲ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸውና። ሥራቸው ኪታብ መጠረዝ ነበር። ገጻቸው የተበተነ ቁርኣኖችንና ኪታቦችን ከየመድረሳው እየተቀበሉ በፍየል ቆዳ ይጠርዛሉ። ከንጋት እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ቁጭ ብለው ስለሚውሉ፣ ጣፋጭም አጥብቀው ስለሚወዱ፣ ከዓመት ዓመት እየከበዱ ሄዱና ጉልበታቸው አልታዘዝ አለ። ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ሱጁድ መውረድ ሲያቅታቸው ኢማሙ ከመጀመሪያው የሰጋጆች ረድፍ፣ ከሶፉ ጫፍ ላይ በርጩማ አስቀመጡላቸው።

ከዚያ በርጩማ ጎን ሌላ በርጩማ ነበር። ባለቤቱ ሚፍታህ የሚባል ጨርቅ ነጋዴ ነው። ዕድሜው ከሐጂ ጁነይዲ በአሥራ አምስት ዓመት ያንሳል፤ ክብደቱ ግን ከሳቸውም ይበልጥ ነበር። ሚፍታህ ሰው ሁሉ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ እሱ ከላይ ሆኖ የጀርባዎችን መደዳ ማየቱ ያሳፍረው ነበር። ድሮ ከሶላት ሲወጣ ግንባሩ ላይ የሰሌኑ ጭረት ታትሞ ይቀር ነበር፤ ያንን ጭረት እንደያዘ ሱቁን ይከፍታል። አሁን ግንባሩ ሁልጊዜ ልሙጥ ነው። ከዚህ ዓለም ነገር ሁሉ አጥብቆ የሚናፍቀው ያንን ጭረት ነበር።

አንድ ቀን ሁለቱም ተያይዘው ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ስባቸውን፣ ስኳራቸውን፣ ጣፋጫቸውን እንዲቀንሱ፣ በእግራቸውም እንዲሄዱ መከራቸው። እንዲህ ካደረጉ ከበርጩማው ሊወርዱ እንደሚችሉ፣ ካላደረጉ ግን እዚያው እንደሚያረጁ ነገራቸው። ሐጂ ጁነይዲ አመሰገኑና በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሚፍታህ ግን በማግሥቱ በሱቁ ደጃፍ፣ ደንበኞቹና ጎረቤቶቹ በተሰበሰቡበት፣ ከዛሬ ጀምሮ ጣፋጭ በአፌ አይዞርም ብሎ አወጀ። ሰዎቹም ማሻአላህ አሉት። የገብስ ቂጣ፣ ምስርና ውኃ ብቻ ሆነ ምግቡ።

ከሱቁ ፊት ለፊት ሻሚል የሚባል የሐልዋ ጣፋጭ ሠሪ ነበር። ሐጂ ጁነይዲ ጁምዓ ጁምዓ ከሶላት በኋላ በሻሚል ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። አውራ ጣት የምታህል አንዲት ቁራሽ ሐልዋ ያዛሉ። አጠገባቸው ማንም ይቀመጥ ማን ከፍለው ያካፍሉታል። ቢስሚላህ ብለው ቀስ አድርገው ያጣጥሟታል፣ ውኃ ይጠጣሉ፣ አመስግነው ይነሣሉ። ሚፍታህ ይህንን ከሱቁ ውስጥ ሆኖ ያያል። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ደስ ይለው ነበር። «እኚህ ሰውዬ እስኪሞቱ ከበርጩማቸው አይወርዱም» ይላል በልቡ።

በአራተኛው ወር፣ አንድ ቀን ለዙህር ሶላት ሲቆሙ፣ ሐጂ ጁነይዲ በርጩማቸውን በእግራቸው ገፋ አደረጉት። ኢማሙ ወደ ሱጁድ ሲወርዱ እሳቸውም አንድ እጃቸውን ሰሌኑ ላይ አስደግፈው፣ ቀስ ብለው፣ እየተንቀጠቀጡ ወረዱ። ሚፍታህ በዚያች ሶላት የትኛውን የቁርኣን አንቀጽ እንደቀራ አያስታውስም። ሰዎች ሐጂን ከበው እንኳን ለዚህ አበቃዎ ሲሏቸው እሱም ጨበጣቸው። አፉ «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ልቡ ግን ያንን ባዶ በርጩማ ያይ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚፍታህ ሰላም አጣ። እሱ በገብስ ቂጣ ሲደርቅ ሐልዋ የሚበሉት ሰውዬ እንዴት ቀደሙት? አንዳንዴ ድብቅ መድኃኒት አላቸው ብሎ ያስባል። አንዳንዴ ደግሞ ጌታዬ እሳቸውን ከኔ አብልጦ ይወዳል ይልና ወዲያው አስተግፊሩላህ ይላል።

የጨርቅ ነጋዴ ዓይን ክፉ ነው። ሚፍታህ ሰው ገና ከበሩ ሲገባ ጀለቢያው ስንት ክንድ እንደሚፈጅ ያውቃል። አንድ ረፋድ ሐጂ ጁነይዲ ለዒድ ጨርቅ ሊገዙ መጡ። ሚፍታህ እንደ ልማዱ ሰባት ክንድ ለክቶ መቀሱን አነሣ።

«አምስት ተኩል ይበቃኛል፤» አሉት ሐጂ ፈገግ ብለው። «የቀረውን ለራስህ አስቀምጠው።»

ሐጂ ለቀልድ ነው ያሉት። ሚፍታህ ግን ቃሏን ለሳምንት አኘካት።

እውነቱን ለመናገር ሚፍታህ የገብስ ቂጣ ብቻ አልነበረም የሚበላው። አራት ቀን፣ አምስት ቀን ይጸናል። በስድስተኛው ቀን ከነጭ አቡጀዲው ጥቅል ጀርባ የደበቀውን ቆርቆሮ ያወጣና፣ ቆሞ፣ ዓይኑን ከበሩ ሳይነቅል፣ ሐልዋውን ሳያላምጥ ይውጠዋል። የቆርቆሮው ግማሽ ሲያልቅ ነው ምን እንዳደረገ የሚያውቀው። በማግሥቱ ራሱን ለመቅጣት እስከ ማታ እህል አይቀምስም፤ ከዚያም እንደገና ቆርቆሮው። ያንን ሁሉ ሰው ሰብስቦ ካወጀ በኋላ ይህንን ለማን ይናገራል?

ምቀኝነትም ሰውን ሥራ አያስፈታም። ሚፍታህ ዘዴ አሰበ። በዚያች ከተማ ስጦታ መመለስ ትልቅ ነውር ነው፤ የመጣበትንም ዕቃ ባዶውን መስደድ ነውር ነው። ስለዚህ ከሻሚል ዘንድ አንድ ትሪ ሙሉ ሐልዋ ገዛ። ለሚስቱ ለረውዳ ለሐጂ ቤት እንድታደርስ ሰጣት፤ የሐጂን ጤና ምክንያት በማድረግ የተላከ ሐዲያ ነው በይ አላት። በልቡ ግን እንዲህ ይል ነበር፦ በሳምንት አንዲት ቁራሽ የሚችል ሰው ሙሉ ትሪ ፊቱ ሲቀመጥ ምን ይሆን?

አንድ ነገር ግን ረስቶ ነበር። ለሰው የሚላክ ምግብ ላኪው ሳይቀምሰው ከቤት አይወጣም፤ ይህም የከተማዋ ወግ ነው። ሚፍታህ ቀመሰ። ዳር ዳሩን ቀመሰ። መሐሉ ደረቅ እንዳይሆን ብሎም መሐሉን ቀመሰ። ከዚያ ቦታው ጎድጉዶ እንዳይታይ ዙሪያውን አስተካከለ።

ማታ ረውዳ ትሪውን ይዛ ተመለሰች። ሐጂ በጓሯቸው ያበቀሉትን ጎመንና ቀይ ሥር ሞልተው ልከውላቸው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ትሪ ተላከ፤ ዱባና ሰላጣ መጣ። በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም እንዲሁ።

«ሐልዋ ልኮ ጎመን የሚቀበል ነጋዴ ያየሁት አንተን ብቻ ነው፤» አለች ረውዳ ትሪውን እያጠበች። ሚፍታህም ለአላህ ብሎ የሚሰጥ ሰው ምላሹን እንደማያይ መለሰላት። ረውዳ ጢሙን አየችው። «ለአላህ ብሎ የሚሰጥ ሰው ጢሙ ላይ ስኳር አይቀርም» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

የሐጂ ጀለቢያ ይበልጥ እየሰፋ ሄደ። የሚፍታህ መታጠቂያ ደግሞ ቀዳዳ አለቀበት። በሶላት ውስጥ ቆሞም ዓይኑ ከሐጂ ጉልበት አይነቀልም ነበር። አንድ ጊዜማ፣ አላህ ይቅር ይበለውና፣ ሽማግሌው ከሱጁድ ሲነሡ ምነው ዛሬ ጉልበታቸው በከዳቸው ብሎ ተመኘ።

በአምስተኛው ሳምንት ጁምዓ መስጂዱ ጢም ብሎ ነበር። ሰው ሁሉ ሱጁድ ላይ እንዳለ፣ ጸጥታው ውስጥ ቀጭን የጣውላ ድምፅ ተሰማ። ወዲያው የሚፍታህ በርጩማ አንድ እግሩ ተሰበረና ሚፍታህ በጎኑ ወደቀ። ሊነሣ ሞከረ፤ አልቻለም። ሲናፍቀው የኖረው ሰሌን ጉንጩ ላይ ነበር። እንደወደቀ ሶላቱ አለቀ።

ኢማሙ አሰላምተው ሶላቱን እንደጨረሱ ሁለት ሰዎች ደግፈው አነሡት። የሳቀ ሰው አልነበረም፤ ይህ ደግሞ ከሳቅ ባሰበት። ሐጂ ጁነይዲ ከግድግዳው ሥር የቆመውን የድሮ በርጩማቸውን አምጥተው አጠገቡ አኖሩለት። «በዚህ ተቀመጥ። እኔ አሁን አልፈልገውም» አሉት በዝግታ። ሐጂ ሊረዱት ነበር ያሉት፤ ሚፍታህ ግን የሰማው ሌላ ነው። ማንንም ሳያይ፣ ጫማውን እንኳን ሳያደርግ በባዶ እግሩ ወጣ።

ሱቁ ገብቶ በሩን ገርበብ አደረገው። ከአቡጀዲው ጀርባ ሄደና ቆርቆሮውን ከፈተ። በሁለት እጁ ነበር የሚበላው። አፉ እንደሞላ በሩ ሲንቀጫቀጥ ሰማ። ዞር ሲል ሐጂ ጁነይዲ ቆመዋል፤ በእጃቸው የሱን ጫማ ይዘዋል።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ጫማውን እግሩ ሥር አስቀመጡለት። ከዚያ አንድ የጨርቅ ጥቅል ስበው ተቀመጡበትና ሚፍታህም እንዲቀመጥ በእጃቸው ጠቆሙት።

«ጁምዓ አይደል? የኔን ድርሻ ስጠኛ፤» አሉት።

ሚፍታህ የአፉን መዋጥም መትፋትም አቅቶት ቆርቆሮውን ዘረጋላቸው። ሐጂ አንዲት ቁራሽ አነሡ፣ ለሁለት ከፈሏት፣ ክዳኑንም መልሰው ገጠሙት። ግማሿን ለሱ ሰጡት። ቢስሚላህ አሉ። ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው በቀስታ ማጣጣም ጀመሩ፤ እሱም እያየ እንደሳቸው አደረገ። ሄል ነበረው። ለውዝም ነበረው። ሚፍታህ ያን ሁሉ ወር ሐልዋ ሲውጥ ከርሞ የሐልዋን ጣዕም ያወቀው ያን ቀን ነበር።

«ሐጂ፣» አለ መሬት መሬት እያየ፣ «ያ የላክሁልዎ ሁሉ ትሪ ሐዲያ አልነበረም።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሁለተኛው። ስጦታ የሚልክ ሰው በነጋታው ፊቴን ነው የሚያየው። አንተ ወገቤን ነበር የምታየው።»

ሚፍታህ ታዲያ ለምን እንደተቀበሉት ጠየቃቸው።

«ብመልሰው ኖሮ እንዳወቅሁብህ ታውቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ መስጂድ ውስጥ ሰላምታዬን በምን ፊት ትመልሳለህ? ለጁምዓዬ አንዲት ቁራሽ አስቀርና የቀረውን ከግንቡ ሥር ጥጥ ለሚፈትሉት ባልቴቶች እልክላቸው ነበር። ሚፍታህ ነው የላከው እላቸዋለሁ። በየሳምንቱ ዱዓ ሲያደርጉልህ ከረሙ።»

ይህን ሲሰማ ሚፍታህ እንባው መጣ። በሶላት ውስጥ ሆኖ ጉልበታቸው እንዲከዳቸው መመኘቱን ሳይቀር ተናዘዘላቸው። በውጭ የሻሚል ደንበኞች ሲጫወቱ ይሰማል። ሐጂ ጉልበታቸውን አሻሹና፣ «ማታ ማታ ይጠዘጥዘኛል። ግማሹ ምኞትህ ደርሷል፤» አሉት። ሚፍታህ እያለቀሰ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ሐጂ የራሳቸውን ነገሩት። ከብዙ ዓመት በፊት እሳቸውም ጣፋጭ ላይቀምሱ ለራሳቸው ምለው ነበር። ቆርቆሯቸው ከፍየል ቆዳው ክምር ጀርባ ይደበቅ ነበር። ያን ጊዜ ነው ይበልጥ የከበዱት። በመጨረሻ፣ ከሐኪሙ ምክር በኋላ፣ ለነፍሳቸው አንዲት ቁራሽና በሳምንት አንድ ቀን ሰጧት። መብላትም ያለባቸው ሰው በሚያያቸው ቦታ ተቀምጠው እንዲሆን ወሰኑ። ቃላቸውን ያፈረሱበት ጁምዓ እንደነበረም አልደበቁትም፤ ያን ጊዜ ቅዳሜን እንደማንኛውም ቀን ጀመሩት እንጂ ራሳቸውን በረኃብ አልቀጡም።

በሚቀጥለው ጁምዓ በሻሚል አግዳሚ ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው አንዲት ቁራሽ ሲካፈሉ ታዩ። ያንን አዋጅ የሰሙ አላፊ አግዳሚዎች ሚፍታህን አፌዙበት፤ አንዱም ጣፋጩ ዛሬ በየት በኩል ዞሮ ገባ ሲል ጠየቀው። ሚፍታህ ጆሮው ቀላ፤ ቁራሹን ግን አልደበቃትም። ቆርቆሮውንም ለረውዳ ሰጣት፤ መርፌና ክር አደረገችበት። ድሮም ምን እንደያዘ ታውቅ እንደነበር ነገረችው።

ነገሩ ቶሎ አልሆነም። ስምንት ወር ፈጀ፤ መሐል ላይ ሁለት ጊዜ ክብደቱ ተመልሶ ጨመረ። ቅናቱም አልፎ አልፎ ብቅ ይል ነበር፤ ሲመጣበት ግን ሄዶ ለሐጂ ይነግራቸዋል፣ እሳቸውም ስንት ክንድ ሆንኩ ብለው ይቀልዱበታል። አንድ የረቢዕ ወር ማለዳ፣ በሱብሒ ሶላት፣ ሚፍታህ በሐጂ ትከሻ ላይ እጁን ጣል አድርጎ ወደ ሰሌኑ ወረደ። ግንባሩ መሬት ሲነካ የሱጁዱን ውዳሴ፣ ተስቢሑን፣ ከሦስት ጊዜ በላይ ደገመው፤ ኢማሙ ሲነሡ እሱ ገና እዚያው ነበር። ሱቁን ሲከፍት ጭረቱ ግንባሩ ላይ እንደታተመ ነበር። ረውዳ አይታው በጣቷ ዳሰሰችው።

ሰዎች ወደ ሐጂ ጁነይዲ መጥተው ምን መድኃኒት ሰጡት ብለው ጠየቋቸው። ሽማግሌው ከሚሰፉት ኪታብ ቀና ብለው እንዲህ አሉ፦

«ተደብቄ የበላሁት በቅቶኝ አያውቅም። ከወንድሜ ጋር ተቀምጬ የበላሁት ግን በቃኝ።»

ሽማግሌው ይህን ያሉት ስለ ሐልዋ ነው። ግን ቃላቸውን ያሰበበት ሰው ሌላም ያገኝበታል። ሐሰድም፣ ምቀኝነት ማለት ነው፣ ከጥቅል ጀርባ ተቆሞ የሚበላ ነገር ነው፤ ሰው አያየውም፣ ጣዕም የለውም፣ የበላው ሰውም አይጠግብም። ሚፍታህን ከዚያ ጨለማ ያወጣው የሐጂ ምክር ብቻ አይመስልም። ሽማግሌው ወንድማቸውን ነውሩ ላይ እያለ አገኙት፤ ጮኸው ሰው ሊጠሩበት ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን ጫማውን ይዘውለት ገቡና ድርሻቸውን ጠየቁት። አላህ ነፍሳችንን በልኳ የምናስተናግድ ያድርገን፤ በተደበቅንበት ቦታ ጫማችንን ይዞ የሚመጣ ወንድምም አያሳጣን።