ማር የበላው ልብ

አንድ ቀን የአቶ ሽባባው የማር ማሰሮ ጎድሎ ተገኘ። አቶ ሽባባው ማለት መግዛት የሚባል ነገር ጠላታቸው ነው፤ ጨው ከጎረቤት፣ ጃንጥላ ከንስሐ አባታቸው፣ ማበጠሪያ ሳይቀር ከምራታቸው ተውሰው የሚኖሩ ሰው። ማሩም ቢሆን የሰው ስጦታ ነበር።

ጥፋቱ በዘበኛቸው በአንለይ ላይ ወደቀ። አሥራ ሁለት ዓመት በራቸውን የጠበቀ ሰው «በሚካኤል፣ አልነካሁም!» ብሎ ቢምል ማን ሰምቶት!

በዚያው ሰሞን የከተማው ሆስፒታል ልብ ሲንቀሳቀስ የሚያሳይ መሣሪያ አምጥቶ፣ ሕዝቡን ለሳምንት በነጻ ይመረምራል ተባለ። አቶ ሽባባው ዘለው ተነሡ።

«እሰይ! በልብህ የያዝኸው ዛሬ ይወጣል! ሌባ ከሆንህ ጨርቅህን ይዘህ ከግቢዬ ውልቅ!»

ዶክተር ትርሲት አንለይን በግራ ጎኑ አስተኝታ፣ ደረቱን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ መሣሪያዋን አስጠጋች። ቴሌቪዥን በመሰለችው ነገር ላይ የአንለይ ልብ ከፈት ገጠም ስትል ታየች።

«ይኸው!» አሉ አቶ ሽባባው ጣታቸውን ቀስረው። «አፉን እዪው! እየላሰ ነው!»

«አባባ፣ ይሄ አፍ አይደለም፤ ደም የሚያልፍበት በር ነው። ልቡ እንደ በሬ ጠንካራ ነው፤ ምንም አልሆነም።»

«ማሩስ?»

«ማር አይታይም።»

«ውጦታላ!»

ዶክተሯ ሳቋን አፍና፣ «እርስዎስ ለምን አይታዩም? በነጻ እኮ ነው» አለቻቸው።

በነጻ ሲባል ጊዜ የአቶ ሽባባው ሸሚዝ መቼ እንደወለቀ የሚያውቅ የለም። ጋደም አሉ። ዶክተሯ ደረታቸውን ነካ ብታደርግ እጇ ተጣበቀ። አሸተተችው።

«አባባ፣ ይሄ ማር ነው!»

«እ… ትናንት ለሳል ብዬ… ጫፏን ነው…» አሉ ጣራ ጣራውን እያዩ።

ማሩን ጠርጋ ልባቸውን ትፈልግ ጀመር። ከላይ ብትል ከታች፣ ከጡት ሥር ብትል ከብብት፣ ጨለማ ብቻ።

«ቅባቱን ጨምሪበት እንጂ ልጄ፣ በነጻ አይደል?» አሉ።

ጨመረች። የለም። ላብ አጠመቃት።

«አባባ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልብዎን አጣሁት።»

አንለይ ሸሚዙን ረጋ ብሎ እየቆለፈ፣ «አይልፉ ዶክተር» አላት። «አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አገሩ ‹ኧረ ልብ ይግዙ!› እያለ ይለምናቸዋል፤ እሳቸው መግዛት መቼ ይወዳሉ!»