የአልጋ ብረት መርገጫ

አንድ ሰው ከአባቱ አንዲት አሮጌ የቤት መኪና ወረሰ። ስሙ ወንድይፍራው ነው። ስሙን ያወጣችለት እናቱ አስናቀች ናት፤ ያኔ ገና ሰው ይሆናል ብላ ነበር።

መኪናዋ እርጅና ይጫጫናት እንጂ ቤተሰብ ያሳደገች መኪና ናት። አባትየው መንገሻ በሕይወት ሳለ በገዛ እጁ እየጠጋገነ ነበር የሚነዳት። የሚስቱ ጉልበት አልታጠፍ ያለ ጊዜ ከተሰበረ አልጋ ላይ ብረት ቆረጠና ከኋላው በር ሥር መርገጫ በየደላት። እንዳያንሸራትታት የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አለበሰው። ከበሩ በላይ ደግሞ የምትይዘው ጠፍር ሰቀለላት። ያምራል ወይ ብሎ ጎረቤት አልጠየቀም። «እስቲ ውጪ» አላት፤ ወጣች፤ አበቃ። ከዚያ ወዲህ አስናቀች ለቅሶም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የማንንም እጅ ሳትለምን እንደ እመቤት ነበር የምትሳፈረው።

መንገሻ ሞተ፤ ልጅየው ቁልፉን ያዘ። መቼም ቁልፍ የያዘ ሁሉ ባለሙያ ይመስለዋል። ስልኩን ከፊቱ ገትሮ ቪዲዮ እያየ፣ በአንድ እጁ መፍቻ በሌላው ካቻቢቴ ይዞ፣ ሲፈታ ሲገጥም መዋል ጀመረ። ጣሪያዋ ላይ ፓውዛ ደረደረ። የድሮውን ጡሩምባ ነቅሎ የከባድ መኪና ክላክስ ገጠመላት፤ ሲነፋው የጎረቤት ዶሮ አጥር ትዘላለች።

የባሰው ግን ማስረዘሙ ነው። በዚያ ከተማ መኪናው ከፍ ያለ ሰው ይከበራል፤ ዝቅ ያለችውን የያዘ ሲያልፍ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ስለዚህ ከሞላዎቹ ሥር ብረት ጨመረ፣ ትልልቅ ጎማ ገጠመ፤ መኪናዋ ግመል አክላ ቆመች። መርገጫውንማ «ጋሪ ያስመስላታል» ብሎ በመጋዝ ቆርጦ ጓሮ ወረወረው። ጠፍሩንም በጠሰው። ያባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ይዘርፋል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ዶሮዎቹ ብረቱን ቆጥ አደረጉት።

አስናቀች ይህን ሁሉ አይታለች። ያልተናገረችው የተሻለ መውጫ ሊሠራልኝ ነው ብላ ነው። መኪናዋ በረዘመች ቁጥር «መቼም እኔን ሳያስበኝ አይቀርም» ትላለች በልቧ። እናት ሞኝ ናት።

የመንገሻ ሙት ዓመት ደረሰ። መቃብሩ ከወንዙ ማዶ ባለችው ቤተ ክርስቲያን ነው። አስናቀች ባሏ ከተቀበረ ወዲህ በፍትሐቱ ላይ ስሙ ሲጠራ ከራስጌው ጠፍታ አታውቅም፤ የቀራት ክብርም ይኸው ነው። ጧፏን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ዱላዋን ይዛ ወጣች።

የልጇ ጓደኞች መኪናዋ ውስጥ ቀድመው ተደላድለዋል። አስናቀች በሩ ጋ ደረሰችና እንደ ልማዷ እጇን ወደ ጠፍሩ አነሳች። አየር ጨበጠች። ወደ ታች ብታይ የበሩ ጠርዝ ከወገቧ ደርሷል።

«መውጫው የታለ?» አለችው ልጇን።

«እማዬ ደግሞ! አሁን እኮ ዘመናዊ ሆናለች። እኔ አነሳሻለሁ።»

«ታነሳኛለህ? ኩንታል ጤፍ ነኝ?»

«ምን ችግር አለው? ከጓደኛዬ ጋር ለሁለት ሆፕ ማድረግ ነው!»

ከውስጥ ሳቅ ፈነዳ። አንደኛው ጓደኛው አንገቱን በመስኮት አወጣና «እትዬ፣ አውሮፕላን እኮ ናት፤ መሰላል ይምጣልዎት?» አለ።

«አንተ አፍህን ዝጋ!» አለችው። «የተንፈላሰስክበትን ወንበር የገዛው ባሌ ነው።»

ይህን ጊዜ ወንድይፍራው ከኋላዋ መጥቶ በብብቷ ያዛትና ወደ ላይ ሊገፋት ሞከረ። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወረደ፤ ጧፉ መሬት ወድቆ ተሰበረ። አስናቀች ዞራ በዱላዋ እጁን አቀመሰችው።

«እጅህን ሰብስብ! ዳዴ ብለህ የቆምከው የኔን ጣት ይዘህ ነው። ገና ሳልሞት እንደ ሬሳ ልትሸከመኝ? ሂድ፣ ያን ብረት ከጓሮ አምጣ!»

አመጣው፤ ኩስ ለብሷል። ሲቆረጥ አብረውት የቀሩት ብረቶች እግር ሆነውት እንደ በርጩማ የሚቆም ነውና ከበሩ ሥር አስቀመጠላት። ወጣችበት። ሌላውን እግሯን አነሳች፤ አልደረሰችም። እንደገና ሞከረች፤ አልደረሰችም። የአባቱ መርገጫ እንኳ እስኪያጥር ድረስ ነበር መኪናዋን ያራቃት። አሁን የሚስቅ ጠፋ።

በዚህ መሐል አንድ የፈረስ ጋሪ በደጅ ሲያልፍ አስናቀች ጠራችው።

«ባለ ጋሪ! ወንዙን ትሻገራለህ?»

«እሻገራለሁ እማማ፤ ግን ሣር ጭኜበታለሁ፣ ነጠላዎ እንዳይቆሽሽ።»

«ግድ የለም፤ ሣር አይስቅብኝም።»

ባለ ጋሪው ብረቱን ከጋሪው ሥር አደረገላት። በገዛ እግሯ ወጣች። «ብረቱንም ጫንልኝ» አለችው፤ «ስወርድ እፈልገዋለሁ።»

ወደ ወንዙ የሚወስደው መንገድ ጠባብ ነው። ጋሪው ከፊት፣ ያቺ ግመል ከኋላ ሆኑ። ወንድይፍራው ቸኩሎ ክላክሱን ለቀቀው፤ ፈረሱ ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። ደግሞ ለቀቀው፤ ይሄኔ ሰው ምን መጣ ብሎ ከየቤቱ ወጣ። እዩኝ እዩኝ ሲል የከረመ ሰው ያን ቀን ሁሉም አየው፤ እናቱ በሣር ጋሪ፣ እሱ ከእናቱ ኋላ።

አስናቀች ደረሰች። የመንገሻ ስም ሲጠራ ከራስጌው ቆማ ነበር። ከመሬት ለቅማ ይዛው የመጣችውን የተሰበረ ጧፍም አበራችው።

ፍትሐቱ ሲያበቃ ልጅየው አንገቱን ደፍቶ ቀረበ።

«እማዬ፣ ይቅር በይኝ። ከዚህ የረዘመ መርገጫ ዛሬውኑ እሠራልሻለሁ።»

«አትሥራልኝ» አለችው። «አባትህ መኪናዋን ሲነካካ የሚያስበው የሚሳፈርባትን ነበር። አንተ ያሰብከው መንገድ ዳር ቆሞ የሚያያትን ነው። ይቅርታህ ከልብ ከሆነ፣ መጀመሪያ መኪናዋን ዝቅ አድርጋት። ስለ መርገጫ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

ይህን ብላ በመጣችበት ጋሪ ተመለሰች። ብረቱንም ይዛው ሄደች።

እንግዲህ ይህን ያነበብክ ልብ በል። አሮጌ ነገር ማደስ ነውር የለበትም። ነገር ግን አስቀያሚ የመሰለህን ብረት ሁሉ በመጋዝ አትከርክም፤ አንዳንዱን ብረት ያስቀመጠው ፍቅር ነው። ከመቁረጥህ በፊት ማን እንደሚረግጠው ጠይቅ። ቤቱን ቢያስረዝም፣ ኑሮውን ቢያሳምር፣ ስሙን ቢያስጠራ፣ እናቱ ደጅ ከቀረች ያ ሰው አደገ አይባልም፤ ራቀ እንጂ።

አንተስ? በቅርቡ ከፍ ያደረግኸው ነገር ምንድን ነው? በሩ ላይ እጇን አንስታ አየር የጨበጠችውስ ማን ናት?