ሸክላ ሠሪዋና የፋሲካው ቅልጥም

አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ ፊደል አትቆጥርም። ቆላ ገበያ ወርዳ ማሰሮ ስትሸጥ ግን ወንጌል ላልሰሙት ሰዎች የክርስቶስን ነገር ታወራላቸዋለች። ይህን የሰሙት የደብሩ አለቃ ክንፉ በፋሲካ ዕለት አስጠሯት። ስትደርስ፣ ከዚያ ሁሉ ጾም በኋላ የበግ ቅልጥም ሲግጡ አገኘቻቸው።

«አንቺ ዳዊት እንኳ ያልደገምሽ፣ ስበኪ ብሎ ማን ላከሽ? ካሁን በኋላ ያለ ፈቃዴ ብትተነፍሺ ያንን ገበያ አትረግጪውም!»

ሴትዮዋ ከገበያው በቀር ጉሮሮዋን የምትደፍንበት የላትም። ቅልጥሙን አየት አድርጋ እጅ ነሣች።

«አባቴ፣ ትንሣኤውን መጀመሪያ ያወሩት ሴቶች ናቸው። እነሱም የአለቃ ፈቃድ ሲጠብቁ ቀርተው ቢሆን ኖሮ፣ ይኸው ዛሬም ጾም ላይ ነበርን።»

«በይ፣ ቅዳሜ ገበያሽን ውረጂ» አሉ አለቃ፤ ቅልጥሙን ግን ከእጃቸው አልለቀቁም።