የአሰገደች ቀኝ ክንድ

በአንድ ወቅት፣ መብራት ቢመጣም ቢሄድም ማንም በማይደነግጥበት ዘመን፣ አሰገደች የምትባል ኩሩ ሴት ነበረች። ኩሩ ስል እንዲያው ለወጉ አይደለም። ልጇ አንዳርጌ ስንዱን ያገባ ቀን፣ ሙሽራዋ ጉልበቷን ልትስም ብትጎነበስ፣ «ቤተሰቧ አይመጥነንም» ብላ ጉልበቷን ሰብስባ ፊቷን አዞረች። ድንኳን ሙሉ ሰው እያየ ስንዱ አየሩን ስማ ቀና አለች።

ዓመታት አልፈው ያቺን ኩሩ ሴት ስትሮክ ጣላት። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አሏት። ያጠበቻት፣ ያገላበጠቻት፣ ፖፖ ያመላለሰችላት ስንዱ ናት። አሰገደች በየማለዳው ዓይኗን ጨፍና ትታጠብ ነበር። እንቅልፍ አልነበረም፤ እፍረት ነው። አሁን የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ የመጨረሻ ልጇ ስትዳር፣ ሰው ተሸክሟት ሳይሆን በእግሯ ድንኳኑ ውስጥ መግባት።

አንዳርጌ ሆስፒታል ውስጥ የሕክምና ዕቃ ጠጋኝ ነው። በእርዳታ መጥቶ፣ ተበላሽቶ፣ ግምጃ ቤት የተጣለ አንድ ሮቦት ነበር፤ እግር ላይ የሚለበስ፣ ዳሌና ጉልበቱ ላይ ሞተር ያለው፣ መራመድ የጠፋበትን ሰው እግር እያነሣ እንደገና የሚያስተምር። ባትሪው ሞቷል። አንዳርጌ በረጅም ገመድ ከግድግዳው ሶኬት ጋር አገናኝቶ ነፍስ ዘራበት፤ ሐኪሞቹም አይተው ፈቀዱ። ችግሩ ሱሪ ሆነ። ብረቱ በቀሚስ አይለበስም፤ ቀበቶው ጭን ላይ ነው የሚጠብቀው።

«እኔ ሱሪ ለብሼ? ጭኔን ታስሬ? አልጋዬ ላይ ልሙት!» አለች አሰገደች።

አንዳርጌ አልለመናትም። የራሱን ሱሪ አልብሶ፣ እየጮኸች፣ በጎረቤት ፊት ተሸክሞ ሆስፒታል ወሰዳት። ቀበቶውንም በገዛ እጁ አጠበቀ። «ዛሬ እዘኚብኝ እማዬ፤ ነገ ትሄጃለሽ» አላት። እሷ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ቤት ስትመለስ ሁለተኛ ብላ ማለች፤ እህልም አልቀምስ አለች።

ይኼኔ ስንዱ ባሏን «አንተ ከዚህ ጉዳይ ውጣ» አለችው። አንድ ሰፊ ቀሚስ ጎንና ጎኑን ተርትራ፣ ቀበቶው ከውስጥ ቀርቶ ጨርቁ ከላይ እንዲወርድ አድርጋ ሰፋችው። ሆስፒታል ሲደርሱም ወንዶቹን ከሕክምናው ክፍል አስወጣች። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ እንዳሳየቻት፣ ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ ያኔ የተነፈገችውን ጉልበት በሁለት እጇ ይዛ መቆለፊያውን ትዘጋ ነበር። አሰገደች ከላይ ሆና የምራቷን አናት ታያለች።

«እርስዎ ዝም ብለው ይቁሙ፤ የሚሄደው ብረቱ ነው» ትላታለች ስንዱ።

በዚህ ተጽናናች። ቢደነቃቀፍም የሚያፍረው ብረቱ ነው፣ እሷ ምን አገባት! ስንዱ ግን ከባለሙያዋ ጋር ተመካክራ የማሽኑን እገዛ በጥቂት በጥቂቱ ታስቀንስ ነበር። የመራመዱም ሥራ የራሷ የአሰገደች እየሆነ ሄደ። ይህን ለአሰገደች የነገራት የለም፤ ብታውቅ በፍርሃት ደርቃ እንደምትቀር ስንዱ ታውቃለችና።

ከአንዳርጌና ከስንዱ ቀጥላ በዚህ ነገር እጇን ያስገባችው ሦስተኛዋ ተዋበች ናት፤ ጎረቤት። በአጥር ተጣልተው ከአሰገደች ጋር ከተኳረፉ ቆይተዋል። አንድ ቀን ለገዛ ወገቧ ሕክምና መጥታ በክፍት በር አሻግራ ስታይ፣ መብራት ጠፋ። ሞተሩ ጸጥ አለ። አሰገደች አላስተዋለችም፤ መደገፊያውን ይዛ ግድግዳው ድረስ ሄደች።

«ኧረ መብራት የለም እኮ!» ብላ ጮኸች ተዋበች። «በራስሽ እግር ነው የምትሄጂው! ታዲያ ምራትሽን ፖፖ የምታሸክሚያት ለምንድን ነው? አስመሳይ!»

ኮሪደር ላይ ተራ የሚጠብቀው ሕመምተኛ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። አሰገደች መደገፊያውን ለቅቃ ስንዱ ላይ ወደቀች። «እውነቷን ነው?» አለቻት። ስንዱ አቀረቀረች።

አሰገደች በዕድሜዋ እንዲህ አፍራ አታውቅም። ቤት ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች፤ ብረቱንም ስንዱንም አላይም አለች። አገር ምን እንደሚላት ታውቃለች፦ ምራቷን ለማሰቃየት ነው ተኝታ የከረመችው ይላታል። የከፋው ግን እሱ አልነበረም። እሷ ራሷ ራሷን መጠርጠር ጀመረች። ምናልባት እችል ኖሮ ይሆን? ምናልባት እውነትም ክፉ ነኝ? ይህን ማንን ትጠይቅ!

ሠርጉ ሲቃረብ ተዋበች ሳታንኳኳ ገባች፤ በሩ ላይ ቆማ ወገቧን ያዘች።

«ሰው ምን እያለሽ እንደሆነ ልንገርሽ?»

«ውጪልኝ!»

«አስወጪኛ! እግር አለሽ አይደል?»

አሰገደች ብርድ ልብሱን ወረወረች። በሌሊት ልብሷ፣ ብረት ሳትለብስ፣ ግድግዳውን እየተደገፈች፣ ቀኝ እግሯን እየጎተተች በሩ ድረስ ሄደችና በግራ እጇ ገፈተረቻት። ተዋበች ደጅ ሆና ከት ብላ ሳቀች። ልታነሣት መጥታ ይሁን ወይ ልትጨርሳት፣ ሲጠይቋት አሁንም መሳቅ ነው መልሷ።

የሠርጉ ቀን ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞላ። አሰገደች በግራ እጇ ከዘራ ይዛ ደጃፉ ላይ ቆመች። ቀኝ ጎኗ ዛሬም ደጋፊ ይፈልጋል። ያን ክንድ የያዘ ሰው፣ «ያቆመኝ ይኼ ነው» ብላ ለሕዝቡ ያሳየችው ሰው መሆኑ ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል።

«እማዬ፣ ነይ» ብሎ አንዳርጌ እጁን ዘረጋ።

«ቀስ ብለው» አለች ስንዱ፤ እሷም ዘረጋች።

«ያዢኝ እንጂ! ወይስ ደግሜ ልስደብሽ?» አለች ተዋበች።

አሰገደች ፊቷ ጋለ፤ መሬት መሬት ታይ ጀመር። አንዱ ያለ ፈቃዷ ያሰራት፣ አንዷ የዋሸቻት፣ አንዷ ያዋረደቻት ናቸው። ከሦስቱ አንዳቸው ባይኖሩ ግን ዛሬ እዚህ ደጃፍ ላይ አትቆምም ነበር። እልልታው ቆሞ ሰው ሁሉ ይጠብቃታል።

ሦስቱንም ትያዝ የምትሉ ብልጦች ዝም በሉ፤ ክንዷ አንድ ነው። ስንዱ ናት ብላችሁ የቸኮላችሁም ትንሽ ታገሡ። አሰገደች ክንዷን ለስንዱ ብትሰጥ፣ ስላቆመቻት ነው ወይስ የድሮ በደሏ ስላሳፈራት? በእፍረት የተሰጠ ክንድስ ምስጋና ይባላል?

እንግዲህ ተከራከሩ፤ እሷም ቆማ እንዳትደክም ፈጠን በሉ። ያ ክንድ የሚገባው ለማን ነው?