የአንበሳው አክብሮት

በአንድ መካነ እንስሳት ውስጥ መብረቅ የሚባል አንበሳ ነበር አሉ። ከሚመጣለት ሥጋ ደህና ደህናው በየጠዋቱ በኃላፊው በአቶ ይልቃል መኪና ተጭኖ ወደ ቤታቸው ይሄዳል። ጠባቂው ይህን እያየ ዝም ይላል፤ የሚያሳድጋቸው ልጆች አሉት። የመብረቅ ጎድን ግን ይቆጠር ጀመር።

አንድ ቀን ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች መጡ። አቶ ይልቃል ጠባቂውን ወደ ጥግ ሳብ አድርገው፣ «ስለ ክሳቱ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ሥራህን እርሳው!» አሉት።

«እሺ ጌታዬ፣ ስለ ክሳቱ ትንፍሽ አልልም።»

መብረቅ ተዘርግቶ ተኝቷል። እንግዶቹ ቢያፏጩም ቢያጨበጭቡም ጆሮውን አላነቃነቀም። አቶ ይልቃል ቦርጫቸውን አስቀድመው ብቅ ሲሉ ግን ብድግ አለ፤ ከንፈሩን እየላሰ፣ በሄዱበት ሁሉ በዓይኑ ተከተላቸው።

«አያችሁልኝ?» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «አውሬም አለቃውን ያውቃል! እስቲ ንገራቸው አንተ፤ ለምታበላው ለአንተስ እንዲህ ይነሳልሃል?»

«ኧረ ጌታዬ፣ እኔ ማን ነኝና!» አለ ጠባቂው እጅ እየነሳ። «እኔ ይዤለት የምገባው የምሳውን ግማሽ ብቻ ነው። እንዲህ ብድግ የሚለው ቀሪው ግማሽ ሲመጣ ነው።»

እንግዶቹ አንበሳውን አዩ፤ ቀጥለው የአቶ ይልቃልን ቦርጭ አዩ። አንደኛው ሳቁን እንደምንም ውጦ፣ ሥጋው ከእንግዲህ በምስክር ፊት እንዲገባ፣ ጠባቂውንም ማንም እንዳይነካው አዘዘ።

ከዚያ ወዲህ አቶ ይልቃል በዚያ ሲያልፉ መብረቅ ዓይኑን እንኳን አይገልጥም።