ጎርፍ ያልነበረው ውሃ

በአንበሳው ግዛት ውስጥ ማንም እንስሳ ደስ ባለው ቦታ አይተኛም፤ ደስ ባለው ቦታም አይግጥም። ምድሩ ሁሉ ተለክቶ ተከልሏል። ወንዙ ዳር ያለው ለጥ ያለ ሜዳ የመኖሪያ ክልል ነው። ከሜዳው ማዶ ያለው ጫካ የአደን ክልል ነው፤ ማን ማንን እንደሚያድን መናገር አያስፈልግም። በመካከል ብቻውን ጉብ ያለው ኮረብታ ደግሞ ለግርማዊነታቸው የከሰዓት እንቅልፍ የተከለለ ነው። ግርማዊነታቸው እዚያ የሚወጡት ሙቀት ሲበረታባቸው ብቻ ነበር። በቀረው ጊዜ ኮረብታው ባዶውን ይውላል፤ ጅቡም ማንም እንዳይደርስበት ዙሪያውን እየዞረ ይጠብቀዋል።

ይህን ሁሉ የከለለው ቀጭኔ ነው። የመሬት ጉዳይ ሹም ሆኖ የተሾመው አርቆ ስለሚያይ ነው ተብሏል። እውነትም አርቆ ያያል። እግሩ ሥር ያለውን ለማየት ግን የፊት እግሮቹን አንፈራጦ ማጎንበስ አለበት። ይህ ደግሞ ለሹም ደስ የሚል አቋም ስላልሆነ፣ እግሩ ሥር ያለውን ሳያየው ኖሯል።

እመት ከርከሮ የምትኖረው ሜዳው ላይ፣ ወንዙ አጠገብ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ባለፈው ክረምት ደራሽ ውሃ መጥቶ ልጆቿን ወሰደባት። ዘንድሮ ሌሎች ወልዳለች። ክረምቱም ተቃርቧል። የምትፈልገው ልጆቿን ይዛ ወደ ኮረብታው ጥግ ከፍ ማለት ብቻ ነበር። ሸንጎው ሲሰበሰብ ከፊት ቆማ ለመነች።

«ግርማዊ ሆይ፣ ሜዳው የጎርፍ ቦታ ነው። ግራሮቹን ይዩልኝ፤ የአምናው ጭቃ ግንዳቸው ላይ ደርቆ ዛሬም አለ፤ ከራሴ በላይ ነው። ሜዳው የጎርፍ ቦታ ተብሎ ይከለልና እኛ ወደ ኮረብታው ጥግ እንዛወር።»

አንበሳው ወደ ቀጭኔ ተመለከተ። ቀጭኔ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ጉሮሮው ረጅም ስለሆነ ጊዜ ወሰደ።

«አስቀድመን ጎርፍ ምን እንደሆነ መወሰን አለብን» አለ። «ለጉንዳን ጤዛም ጎርፍ ነው። እያንዳንዱ በየቁመቱ ከለካ ግዛቱ በሙሉ የጎርፍ ቦታ ሊባል ነው። ለሁሉም እኩል የሆነ አንድ መለኪያ ያስፈልገናል።»

«ተገቢ ነው» አለ አንበሳው። «ምን ይሁን?»

«መሬቱን የምመራው እኔ ስለሆንኩ የእኔ ጉልበት ይሁን። ጉልበቴ ጋ ያልደረሰ ውሃ፣ ውሃ እንጂ ጎርፍ አይባልም።»

ጉማሬ ከኋላ ሆኖ «አምና ውሃ ነበረ እንዴ?» ሲል ጠየቀ።

የከርከሮ ደም ፈላ። «አያ ቀጭኔ! ውሃው ጉልበትዎ ጋ ሲደርስ እኮ እኔ ከነልጆቼ ከሥር ነኝ!»

«ሕግ አንቺን ብቻ እያየ አይወጣም፣ እመት። ሕግ ሁሉንም በእኩል ዓይን ነው የሚያየው።»

ሸንጎው እኩልነት በተነሳ ቁጥር ልቡ ይነካል። ኮቴ ያለው በኮቴው፣ መዳፍ ያለው በመዳፉ አጨበጨበ። ከዚያ ግራሮቹ ታዩ፤ ጭቃው ከቀጭኔ ጉልበት ዝቅ ብሎ ተገኘ። ስለዚህ አምና ጎርፍ እንዳልነበረ ተወሰነ። የከርከሮ ልጆችም በሌላ ነገር ሞተው መሆን አለበት።

እሷ ግን ከቦታዋ አልነቃነቅ አለች። አንበሳው አዛጋና ቸርነት አደረገላት። «የመዛወር ጥያቄሽ ይታይልሻል። ቀጠሮው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ይሁን።»

«ክረምቱ ካለፈ በኋላ ምን ያደርግልኛል፣ ግርማዊ ሆይ?»

«ያን ጊዜ መሬቱ ደረቅ ስለሚሆን ለማየት ይመቻል» ብሎ ቀጭኔ መለሰላት።

ከርከሮ አንጀቷ እያረረ ወደ ሜዳው ተመለሰች። ጎረቤቶቿን ጥንቸልን፣ ፍልፈልንና ጃርትን ሰበሰበችና ቀጠሮ ሳንጠብቅ አብረን እንውጣ አለቻቸው።

ጥንቸል ጆሮዎቿን ጣል አደረገች። «እትዬ፣ እኔ ከመንግሥት ጋር መጣላት አልችልም። ኮረብታው ላይ ጅቡ አለ። ደግሞ ቀጠሮ ተሰጥቶን የለ? ትንሽ እንታገሥ።»

«ውሃው ይታገሥሻል?»

«አይ፣ ግርማዊነታቸው ይህን ያህል እንኳ አይጨክኑብንም።»

ፍልፈልና ጃርትም በዚሁ ተስማሙ። ከርከሮ በአንበሳው ከተናደደችው ይልቅ በእነሱ ተናደደች። አንበሳው ቢያንስ ሜዳው ላይ አያድርም።

ውሃው የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። ሜዳው ላይ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም፤ የዘነበው ከላይ ደጋው ላይ ነው። ከርከሮ መጀመሪያ የሰማችው ድንጋይ ከድንጋይ ሲላተም ነበር። ጥንቸልን እየተጣራች፣ ልጆቿን ከፊቷ እየገፋች፣ ጭራዋን ሽቅብ አቁማ ወደ ኮረብታው ሮጠች። ዘወር ስትል ጥንቸል ጉድጓዷ አፍ ላይ ቆማ አንዴ ወደ ጅቡ፣ አንዴ ወደ ወንዙ ታያለች። እንደገና ዘወር ስትል ጥንቸልም ጉድጓዱም አልነበሩም።

ቀጭኔ ሜዳው መካከል ቆሞ ውሃውን ለካ። ከጉልበቱ ዝቅ ያለ ነበር።

ክረምቱ ሲያልፍ ሸንጎው በቀጠሮው ተሰበሰበ። ከርከሮ ግን አሁን የቀረበችው ተከሳሽ ሆና ነው፤ በተከለለ ኮረብታ ላይ ያለፈቃድ ሰፍራለች።

«ከምን ሸሽተሽ ነው የወጣሽው?» አላት አንበሳው።

«ከጎርፍ።»

«ጎርፍ አልነበረም፤ እኔው ራሴ ለክቼዋለሁ» አለ ቀጭኔ።

«እንግዲያውስ ከውሃ ሸሽቼ ነው።»

«ከውሃ መሸሽ ክልል ለመጣስ ምክንያት አይሆንም። ውሃ ሁላችንም እንጠጣለን» አለ ቀጭኔ።

«ጎርፍ ነበር ብሎ የሚመሰክርልሽ አለ?» አለ አንበሳው።

ከርከሮ «ጎረቤቶቼ አሉ፤ ይጠሩልኝ» አለች።

የሸንጎው ጠሪ ጅቡ ነበር። ወደ ሜዳው ዞሮ «ጥንቸል!» አለ። «ፍልፈል! ጃርት!» አለ። ከሜዳው የመለሰ የለም።

«አልቀረቡም» አለ ጅቡ።

«እንዴት አይቀርቡም?» አንበሳው ተቆጣ። «ሸንጎን መናቅ ነው! ይቀጡ!»

ከርከሮ ወደ ጅቡ ዞረች። «አያ ጅቦ፣ ውሃው ከሸሸ ጀምሮ ሜዳው ላይ ውለህ የምታድረው አንተ ነህ። የት እንዳሉ አንተ ታውቃለህ። ለግርማዊነታቸው ንገርልኝ።»

ሸንጎው ሁሉ ጅቡን አየው። ሰሞኑን ወፍሮ ነበር፤ ይህን ልብ ሳይሉ የቆዩትም አሁን ልብ አሉት። ጅቡ ወደ አንበሳው አየ። አንበሳው ወደ ቀጭኔ አየ። ቀጭኔ አንገቱን አቅንቶ ሩቅ ሩቁን አየ።

«ደግመህ ጥራቸው» አለ አንበሳው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጅቡ አፉን ከፈተ፤ ስም ግን አልወጣውም።