የፊት እግሯ የሚንቋቋ መኪና

«ስለ ዕርቅ ተጠይቄ ስለ መኪና በመናገሬ ጉባኤው ይቅር ይበለኝ። አባቶች በዘርና በወይን ምሳሌ ይናገሩ ነበር፤ ለእኔ የደረሰኝ ዘመን ግን የጋራዥ ነው» አሉ መሪጌታ ጥዑመልሳን፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው።

ጠያቂው ልኬለህ ነው። ከወንድሙ ጋር በሽማግሌ ሦስት ጊዜ ታርቆ ሦስት ጊዜ ተጣልቷል። የተጣጠፈ ወረቀት በእጁ እያሻሸ፣ «የኔታ፣ እናታችን ሳትሞት ስንስማማ ማየት ትፈልጋለች። ዕርቁ የማይጸናልን ለምንድን ነው?» ብሎ ነበር።

መሪጌታም ቀጠሉ፦

አንድ ሰው ነበረ። መኪና ነበረው፤ የመኪናዋ የፊት እግር ይንቋቋል። ሰውየው ሙሽራ ልጁን በገዛ መኪናው ሊሸኝ ምሏል። ሚስቱ ግን «ሰው እልልታውን ትቶ ይሄን ቆርቆሮ ሊሰማ ነው? ካልተሠራች ልጄ በኪራይ መኪና ትሄዳለች» አለችው።

ጋራዥ ወሰዳት፤ ቡሽ የሚሉት የእግሯ መጋጠሚያ ተቀየረ። ሰውየው ብልህ ነውና፣ መካኒክ አሮጌ ዕቃ ጠርጎ አዲስ ነው ብሎ ይገጥማል ሲባል ስለሰማ፣ የተፈታውን ብረት ሁሉ ተረከበ። «ማስረጃ ነው» ብሎ ጆንያ ውስጥ ከተተው። ቤት ቢያስቀምጠው ሚስቱ ለቆራሌው ትሰጥበታለች። ስለዚህ ከፊት ወንበር ሥር ሸጎጠው። አስፋልቱን ሳይጨርስ፣ ቋ! ቋ!

ሌላ ጋራዥ ሄደ። «ማነው እንዲህ ያበላሸብዎት?» ብለው ሞላውን ቀየሩት። አሮጌው ሞላ ጆንያ ገባ። ጫጫታው ባሰበት።

ሦስተኛው ጋራዥ ሲደርስ፣ ሰው አይታመንምና፣ እንደ ልማዱ ጆንያውን አውርዶ ታቀፈ። መካኒኩ ብቻውን ነድቶ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ መኪናዎ ጤነኛ ናት።»

«እኔ ስነዳት ብቻ ነው የምትጮኸው! ንቃኝ ነው?»

«እንግዲያው እርስዎ ይንዱ፣ እኔ ልቀመጥ።»

ሰውየው ጆንያውን ወደ ቦታው መልሶ ነዳ። ቋ! ቋ! መካኒኩ ጎንበስ ብሎ ጆንያውን ሳበና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። መኪናዋ ጸጥ አለች።

«ምን ገጠምክላት?» አለ ሰውየው።

«ኧረ ምንም! ይሄን ይጣሉት።»

«ልጣል? ነገ ‹ቀይረናል› ብለው ሲዋሹኝ ምን ላሳያቸው ነው?»

የሠርጉ ዕለት፣ እሑድ፣ ሙሽራዋ በኪራይ መኪና ሄደች። አባቷ እየተንቋቋ ከኋላ ተከተለ። ከማስረጃው አንድም አልጎደለም።

መሪጌታ ወደ ልኬለህ ዞሩ። «ልጄ፣ መኪናይቱ አንተ ነህ፤ መካኒኮቹ እኛ ሽማግሌዎች ነን። ያ ወረቀት ምንድን ነው?»

«ወንድሜ የበደለኝ ሁሉ የተጻፈበት ነው፣ የኔታ። ከነቀኑ።»

«ጆንያው እሱ ነው። አምጣው።»

ልኬለህ ወረቀቱን ዘረጋላቸው። «ይውሰዱት። ግልባጩ ቤት አለ።»

«ግልባጩንም ይዘህ ና፤ ከዚያ እናትህ ዘንድ አብረን እንሄዳለን። ሌሎቻችሁ ግን ይህን ለማንም እንዳትናገሩ፤ ሰው ጆንያውን መጣል ከለመደ መካኒኩም ሽማግሌውም ጦሙን ያድራል።»